የአያ ይርጋ ቁርጥማትና የአቶ ልሳነወርቅ ማሽን

አንድ ቀን አያ ይርጋ ወንበር ጠየቀ።

ጥያቄው ይኸው ነው፤ የተደበቀ ነገር የለውም። ሶፋ አላለም፣ አልጋ አላለም። ደብረ ማርቆስ ውስጥ በልሳነወርቅ ሆቴል የብረት በር አጠገብ፣ እንግዳ ሲጠፋ አረፍ የሚልባት አንዲት ተራ ወንበር ትፈቀድልኝ ነው ያለው። አያ ይርጋ የሆቴሉ ዘበኛ ነው። ከዚያ በፊት ትራፊክ ፖሊስ ነበር። ወጣትነቱን አደባባይ ላይ ቆሞ ጨረሰ፤ ጡረታ ሲወጣ ደግሞ ሽምግልናውን በር ላይ ቆሞ ጀመረ። ጉልበቱ ዝሏል፣ ወገቡ ተይዟል፣ ትከሻው ካፖርት ለመልበስ እንኳ ይለመናል። ያልደከመችው ምላሱ ብቻ ናት፤ እሷንም ሲያሳርፋት አይቼ አላውቅም።

ስለ ሆቴሉ ባለቤት ስለ አቶ ልሳነወርቅ ደግሞ ትንሽ ልበል። አንቱ የምላቸው አክብሬያቸው እንዳይመስላችሁ፤ በረንዳቸው ላይ ሻይ ስለምጠጣ ነው። ስማቸው ሕንፃው ላይ አለ፣ ፎጣው ላይ አለ፣ የሾርባው ሳህን ሥር ሳይቀር ተጽፏል። ሾርባህን ጠጥተህ ስትጨርስ ከታች ሆነው ያዩሃል። ሰውዬው የማያውቁት ነገር የለም። ስለ ስንዴ ዋግ ከገበሬ በላይ ያወራሉ፣ ስለ ቅኔ ከመሪጌታ በላይ፣ ስለ ምጥ ከአዋላጅ በላይ። የሚሰሟቸው ሰዎች ደግሞ ብዙዎቹ ደመወዝተኞቻቸው ስለሆኑ እስካሁን ተሳስተው አያውቁም።

ከሁሉ በላይ የሚወዱት ሰው ሲነሳላቸው ነው። በእኛ አገር ሰው ሲገባ መነሳት ወግ ነው። የተቀመጠው «ኖር!» ብሎ ብድግ ሊል ሲል፣ ገቢው «በእግዜር!» እያለ ትከሻውን ይጫነዋል። እሱ እነሳለሁ፣ ያ አትነሳም ይባባላሉ፤ ማንም በደንብ ሳይነሳ ነገሩ ያልቃል። የወጉ ውበትም እሱ ላይ ነው። አቶ ልሳነወርቅ ግን የሚያውቁት ግማሹን ብቻ ነው። በሩ ላይ ተገትረው ይቆማሉ። አሮጊቷ ምርኩዟን ፈልጋ፣ ነፍሰ ጡሯ ጠረጴዛውን ይዛ፣ ሁሉም ተነስቶ፣ ልብሱን አስተካክሎ ሲያበቃ፣ በዓይናቸው ከጥግ እስከ ጥግ ይቃኙና ያን ጊዜ «ተቀመጡ» ይላሉ። እኔም ስንቴ ሻዬን አቀዝቅዤላቸዋለሁ።

እንግዲህ አያ ይርጋ ወንበር የጠየቀው እኒህን ሰው ነው።

«ጌታዬ፣ አንዲት ወንበር ቢፈቅዱልኝ። ቁርጥማቱ ከጉልበቴ ተነስቶ ትከሻዬ ላይ ወጥቷል።»

«ዘበኛ ተቀምጦ ያየ እንግዳ፣ ይሄ ሆቴል ተኝቷል ነው የሚለው» አሉ አቶ ልሳነወርቅ። «ደግሞ ቆመህ ስትታይ ታምራለህ። እንደ ሐውልት።»

«ሐውልት እኮ የሚቆመው ለሞተ ሰው ነው ጌታዬ። እርስዎ ገና በሕይወት አሉ፤ ዕድሜዎን ያርዝመው።»

በረንዳው ላይ የነበርን ሰዎች ብርጭቆ ብርጭቋችንን አነሳን፤ የሚስቅ አፍ የሚደበቀው ከብርጭቆ ኋላ ነው። አቶ ልሳነወርቅ ነገሩ ስድብ ይሁን ምርቃት ሳይለይላቸው ገቡ። ወንበሯም ሳትመጣ ቀረች።

ብዙ ሳይቆይ አንዲት ወጣት ሐኪም የሆቴሉን የምድር ቤት ክፍል ተከራየች። ትርሲት ትባላለች። ይዛው የመጣችው ማሽን በከተማችን ታይቶ አያውቅም። ሽቦ የተተከለበት ቆብ አለው፤ ቆቡን ራስህ ላይ ታጠልቅና ስክሪን ፊት ትቀመጣለህ። ስክሪኑ ላይ አንዲት ጀልባ ውኃ ላይ ትታያለች። አእምሮህ ሲረጋጋ ጀልባዋ ትሄዳለች፣ ሲጨነቅ ትቆማለች። እሷን ማስኬድ ስትለማመድ አእምሮህን ማርገብ ትለምዳለህ።

ትርሲት ነገሩን ለአቶ ልሳነወርቅ ምሳ ላይ አስረዳቻቸው። እኔ ጎናቸው ነበርኩና ሰምቻለሁ።

«ጋሼ፣ ለረጅም ጊዜ የቆየ የጡንቻና የመገጣጠሚያ ሕመም ክፉ ልማድ ያመጣል» አለች። «ሰውነት ሲያመው አእምሮ ይደነግጣል። ሕመሙ ሲመላለስ አእምሮ ድንጋጤውን ይለምደዋል፤ ትንሹን ሕመም ትልቅ አድርጎ ማሰማት ይጀምራል። ሥልጠናው ያንን ድንጋጤ ያበርዳል። ለአንዳንዱ ሰው በጣም ይረዳዋል፣ ለአንዳንዱ ትንሽ። ሕመሙ ግን ውሸት ነው ማለት አይደለም። ዕረፍቱም፣ መድኃኒቱም፣ እንቅስቃሴውም እንዳለ ነው።»

ሁሉን ነገር በሚገባ ተናገረች። አቶ ልሳነወርቅ ግን ከዚህ ሁሉ ውስጥ የሰሙት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ሕመም አእምሮ ውስጥ ነው የሚለውን። እሱንም እሷ አላለችውም።

ከዚያ ቀን ወዲያ ሆቴሉ ውስጥ መታመም አበቃ። ልብስ አጣቢዋ ጣቶቼ አበጡ ስትል «አእምሮሽ ነው!» ተባለች። ወጥ ቤቷ ወገቤን ስትል «አእምሮሽ ነው!» ተባለች። አንድ እንግዳ ፍራሹ ጎረበጠኝ ብሎ ቢያማርር፣ እሱም አእምሮው ሆነ። ፍራሽ ለመቀየር ከሚወጣው ወጪ የእንግዳው አእምሮ ይረክሳል፤ ሰውዬው እዚህ ላይ አልተሳሳቱም።

አንድ ጠዋት ታዲያ አቶ ልሳነወርቅ ግቢ ውስጥ እየተቆጡ ሲሄዱ አውራ ጣታቸውን የአበባ ማስቀመጫው ድንጋይ ላይ አጋጩት። «ወይኔ እግሬን!» ብለው ሲጮሁ ፎቅ ላይ የተኙ እንግዶች በመስኮት ብቅ አሉ። ሠራተኛው ሁሉ ከበባቸው። አያ ይርጋ ከበሩ ሆኖ ድምፁን ከፍ አደረገ።

«አይዞዎት ጌታዬ! እግርዎት ላይ አይደለም፣ አእምሮዎት ውስጥ ነው!»

ልብስ አጣቢዋ ባበጡ ጣቶቿ አፏን ያዘች። ወጥ ቤቷ ወደ ጓዳ ሮጠች፤ እዚያ ስትደርስ የሳቀችውን ሳቅ ግን እስከ በረንዳው ሰማነው። አቶ ልሳነወርቅ በአንድ እግራቸው እያነከሱ እስከ በሩ ድረስ መጡ።

«አንተ ይርጋ! በኔ ላይ ነው የምትቀልደው?»

«ኧረ ምን በወጣኝ! መድኃኒቱን የነገሩን እርስዎ አይደሉም እንዴ?»

«ወንበር አይደል የፈለግኸው? ወንበር የለም! ሥልጠና ነው የምትገባው። ትርሲት ታሠለጥንሃለች። የሆቴሉ ዓመታዊ በዓል ሲደርስ የከተማውን ትልልቅ ሰዎች እጠራለሁ፤ እነሱ ፊት ቆመህ ትናገራለህ። ድኛለሁ ካልክ የወንበሩን ነገር ሁለተኛ እንዳታነሳብኝ። አልዳንኩም ካልክ ደግሞ በዚህ ማሽን ያልዳነ ጉልበት በር ሊጠብቅ አይችልም፤ ሌላ ዘበኛ እቀጥራለሁ።»

ተመልከቱልኝ ይህን ፍርድ! ቢድን ቆሞ ሊቀር፣ ባይድን ሊባረር። እኔ በበኩሌ ሻዬን ሳልጨርስ ተነስቼ ሄድኩ፤ ንዴቴ ነው ያስነሳኝ። ትርሲትም በበኩሏ «ጋሼ፣ ሥልጠናው እኮ ቀኑን ሙሉ የሚያስቆም መድኃኒት አይደለም» ብትል ማን ሰምቷት።

አያ ይርጋ ሥልጠናውን ሲጀምር እግረ መንገዴን ልየው ብዬ ገብቼ ነበር። ክፍሉ ውስጥ አንድ ቆዳ የለበሰ፣ ወደ ኋላ ጋደል የሚል፣ ክንድ የሚያሳርፍ ወንበር አለ። አያ ይርጋ በሩ ላይ ቆሞ አየው።

«ይግቡ አያ ይርጋ፣ ይቀመጡ» አለችው ትርሲት።

«እዚህ ላይ?»

«አዎ፣ እዚያው ላይ።»

«ልጄ፣ ይሄ ወንበር ከሕክምናው ጋር የመጣ ነው ወይስ ተሳስተሽ ነው?»

«ከሕክምናው ጋር የመጣ ነው።»

ቀስ ብሎ ተቀመጠ። መጀመሪያ ጫፉ ላይ፣ ኋላ መሐሉ ላይ፣ በመጨረሻም ጀርባውን ለቀቀው። ዓይኑን ጨፈነ። «እንግዲያው ሕክምናው ጀምሯል» አለ።

ትርሲት እየሳቀች ቆቡን አጠለቀችለት፣ ቅባት ቀባችው፣ ጀልባዋንም አሳየችው። ጀልባዋ ንቅንቅ አላለችም።

«ምን ላድርግ?»

«ምንም አያድርጉ።»

«ምንም አለማድረግማ ማን ሰጥቶኝ ነው እስከ ዛሬ ያልለመድኩት?»

«ደስ የሚልዎትን ነገር ያስቡ። ትንፋሽዎን ረዘም ያድርጉት። እንድትሄድ አይግፏት፤ ዝም ብለው ይተዉአት።»

አያ ይርጋ ትንሽ አሰበ። ግንባሩ ላይ የነበረው መጨማደድ ቀስ በቀስ ተፈታ። ጀልባዋም ተንቀሳቀሰች፤ መጀመሪያ ዳዴ አለች፣ ኋላ ውኃውን እየከፈለች ሄደች።

«ምን አስበው ነው?» አለች ትርሲት በቀስታ።

«አደባባዩን። መኪና አንድም የለም። እኔም ዳር ላይ ተቀምጬ ኦቾሎኒ እበላለሁ።»

ወዲያው ኮሪደሩ ላይ የጫማ ድምፅ ተሰማ። አቶ ልሳነወርቅ ገና አልገቡም፤ ጫማቸው ብቻ ነው የተሰማው። ጀልባዋ ቀጥ ብላ ቆመች። የአያ ይርጋ ትከሻ ወደ ጆሮው ወጣ፣ መንጋጋው ተጣበቀ። በሩ ሲከፈት ሰውዬው በልማዱ «ኖር!» ብሎ ተነሳ። ቆቡ ወደ ኋላ ተጎተተ፣ ሽቦው ተወጠረ፣ ቅባቱ በግንባሩ ላይ ወረደ፣ ስክሪኑም ተንገዳገደና ትርሲት በሁለት እጇ ያዘችው። አቶ ልሳነወርቅ በሩ ላይ ቆመው ሙሉ በሙሉ እስኪነሳ ጠበቁት። ከዚያ «ተቀመጥ» አሉት።

ትርሲት ደሟ ፈላ።

«ጋሼ፣ እዚህ ክፍል ውስጥ ለማንም አይነሳም!»

«ለኔም?»

«ለእርስዎም።»

አቶ ልሳነወርቅ በራሳቸው ግድግዳ ላይ ያለውን የራሳቸውን ስም ትንሽ አንብበው ወጡ። ትርሲት ቆቡን እያስተካከለች ስክሪኑን ለአያ ይርጋ አሳየችው።

«አዩ? ገና ጫማቸውን ሲሰሙ ነው ሰውነትዎ የታሰረው። ትከሻዎን ያዩት? ይሄንን ቀኑን ሙሉ ነው የሚያደርጉት።»

«እኔ እኮ ብርድ ነው እያልኩ ቅቤ እታሽ ነበር» አለ አያ ይርጋ።

ማሽኑ ግን አልዋሸም፤ እውነቱን መናገር አለብኝ። አያ ይርጋ እየተመላለሰ ሠለጠነ። ኮሪደሩ ላይ ጫማ ሲሰማ ትከሻውን መልቀቅ ለመደ። ትርሲት ያስተማረችውን አተነፋፈስ በሩ ላይም ይሠራበት ጀመር። ካፖርቱን ያለ ረዳት መልበስ ቻለ። «ትናንት ተኝቼ ሳልገላበጥ ነጋ» ብሎ ሲነግረኝ ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር፤ እኔንም ደስ አለኝ። ቁርጥማቱ ጨርሶ አልጠፋም፣ ግን ቀለለ። ጠዋት ቀሎ ይውልና፣ ሲቆም ውሎ ሲመሽ ጉልበቱ መልሶ ይጠዘጥዘዋል። ትርሲትም ይህንኑ ነው የነገረችው። «የኔ ማሽን የራሱን ድርሻ ሠርቷል፤ የቀረውን የሚሠራው ወንበር ነው» አለችው።

በዓሉ እየቀረበ ሲመጣ ግን አያ ይርጋ ቀልዱን ቀነሰ። እኔም ሰጋሁለት። ከሆቴሉ በር ከተባረረ በዚያ ዕድሜው ማን ይቀጥረዋል?

«ምን ልትል ነው?» አልኩት።

«እኔ እንጃ። ዳንኩ ካልኩ ቆሜ እሞታለሁ፤ አልዳንኩም ካልኩ ተቀምጬ እራባለሁ።»

«ታዲያ?»

«ታዲያማ እሳቸው ጎበዝ ናቸው። ሁለቱንም በር ዘግተውታል። የዘበኝነቱን ሥራ እሳቸው ነበር መያዝ የነበረባቸው።»

የበዓሉ ዕለት አዳራሹ ሞላ። ሽማግሌዎች አሉ፣ ነጋዴዎች አሉ፣ የየቢሮው ኃላፊዎች አሉ። ጠጁ ተቀድቷል፣ ክትፎው ቀርቧል፤ ገና የጎረሰ ሰው ግን የለም። አቶ ልሳነወርቅ ገቡ። አዳራሹ በሙሉ ተነሳ። እሳቸውም እንደ ልማዳቸው በሩ ላይ ቆሙ። ጥግ ላይ አንድ በጣም ያረጁ ሽማግሌ ሁለት ሰው ደግፏቸው ሲነሱ፣ አቶ ልሳነወርቅ እስኪያበቁ ድረስ ጠበቋቸው። «ተቀመጡ» ሲሉ ሽማግሌው ገና ቀና ማለታቸው ነበር።

ከዚያ ንግግር አደረጉ። ስለ ሆቴሉ፣ ስለ ሥልጣኔ፣ ስለ አእምሮ። የአእምሮን ሞገድ ከኤሌክትሪክ ማመንጫ ግድብ ጋር አነጻጸሩት፤ ለምን እንደሆነ እስካሁን አልገባኝም። ትርሲት ከኋላ ተቀምጣ ግንባሯን በእጇ ይዛለች።

«አሁን ምስክሬን እጠራለሁ» አሉ። «ይርጋ! ና ወደ መሐል።»

አያ ይርጋ ካፖርቱን ቆልፎ መጣ። መሐል አዳራሽ፣ የተቀመጠው ሕዝብ መካከል፣ ብቻውን ቆመ።

«ይህ ሰው ቁርጥማት አለብኝ እያለ ወንበር ሲለምነኝ የኖረ ነው። በዘመናዊ ማሽን አሠለጠንኩት። እስቲ ንገራቸው። ድነሃል ወይስ አልዳንክም?»

አያ ይርጋ አንድ ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰ፤ ትርሲት ያስተማረችውን።

«እግዜር ይስጥልኝ፣ ድኛለሁ ጌታዬ።»

ጭብጨባው አስተጋባ። የአቶ ልሳነወርቅ ኮት ለደረታቸው አልበቃ አለ። «እንግዲህ ሰምታችኋል! ከዛሬ ጀምሮ የወንበር ጥያቄ የሚባል ነገር እዚህ ግቢ ውስጥ የለም!»

«አዎ፣ የለም» አለ አያ ይርጋ። «ግን ጌታዬ፣ ያልገባኝን አንድ ነገር ሰው በተሰበሰበበት ብጠይቅዎት ይቆጡኛል?»

«ጠይቅ! ለማወቅ የሚጠይቅ ሰው አልቆጣም።»

«ያ ቁርጥማቴ እስከ ዛሬ የት ነበር?»

«አእምሮህ ውስጥ ነበራ!»

«ጉልበቴ ላይ አልነበረም?»

«አልነበረም አልኩህ!»

«ትከሻዬ ላይስ? ወገቤ ላይስ?»

«ኧረ አእምሮህ ውስጥ ነው! ስንቴ ልንገርህ?» አሉና ወደ እንግዶቹ ዞረው «ማስተማር ትዕግሥት ይጠይቃል» አሉ። እንግዶቹም ራሳቸውን ነቀነቁላቸው።

አያ ይርጋ ግራና ቀኝ አየ። ከዚያ ረጋ ብሎ፣ አጠገቡ ባዶ የነበረውን ወንበር ሳብ አደረገና ተቀመጠ። በአዳራሹ መሐል፣ ቆመው ባሉት በአቶ ልሳነወርቅ ፊት።

«ምን ማድረግህ ነው? ተነስ!»

«ቆሜያለሁ እኮ ጌታዬ።»

«ምን?»

«ሕመሙ አእምሮዬ ውስጥ ከሆነ መቆሙም እዚያው ይሁንልኝ። ጉልበቴ በዚህ ጉዳይ የለበትም ብለው በሰው ፊት ነፃ አውጥተውታል፤ ነፃ የወጣ ደግሞ ይቀመጣል። እኔ በሩ ላይ ወንበሬን አድርጌ ቀኑን ሙሉ በአእምሮዬ ቀጥ ብዬ እቆምልዎታለሁ። እርስዎ ሲያልፉማ በአእምሮዬ ብድግ እላለሁ፣ እጅ እነሳለሁ፣ እስኪበቃዎት ድረስም አልቀመጥም። ካላመኑኝ ቆቡን ያጥልቁልኝና ይዩት።»

መጀመሪያ የሳቁት እኒያ ሁለት ሰው ደግፎ ያስነሳቸው ሽማግሌ ናቸው። ጥርስ በሌለው አፋቸው እስኪያስላቸው ሳቁ። «ይሄንን ቀደም ብለህ ብትነግረኝ እኔም ቅድም በአእምሮዬ አልነሳም ነበር?» ሲሉ አዳራሹ ፈረሰ። ጠጅ የጎነጨው ሰው ሁሉ ትን አለው። ትርሲት ግንባሯን ለቃ ሆዷን ያዘች።

የአቶ ልሳነወርቅ ፊት ቲማቲም መሰለ። የሚያመልጡበት ቀዳዳ ሲፈልጉ ቆዩና በመጨረሻ ያገኙ መሰላቸው። ጣታቸውን ቀሰሩበት።

«እሺ ብልጡ! ሌባ ቢመጣስ? ያን ጊዜም ወንበር ላይ ተቀምጠህ በአእምሮህ ነው የምታባርረው?»

ሳቁ ቀጥ አለ። ሰው ሁሉ ወደ አያ ይርጋ ዞረ። አያ ይርጋ ጉልበቶቹን በሁለት እጁ አሸት አሸት አደረጋቸው።

«ኧረ ጌታዬ፣ ለሌባማ በእግሬ ነው የምሮጠው። ወንበሩን የለመንኩዎት እኮ ጉልበቴን ለእሱ ላስቀምጥለት ብዬ ነው። እስከ ዛሬ የጨረሰብኝ ሌባ አይደለም፣ እርስዎ ነዎት።»

ወንበሩ በማግሥቱ በሩ ላይ ተቀመጠ፣ አያ ይርጋም ወንበሩ ላይ፤ አቶ ልሳነወርቅ ግን በአእምሮው ብቻ የሚነሳላቸውን ዘበኛ ላለማየት ከዚያ ወዲህ ወደ ገዛ ሆቴላቸው የሚገቡት በወጥ ቤቱ በኩል፣ የሽንኩርት ልጣጭ እየረገጡ ነው።